ወንድሜ የበረዶ ተራራ ላይ ነው፤ ለምንድነው ወጥተው ወጥተው የሚመለሱት?

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 7፣ ጠዋት 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነኝ። ተራራ መውጣት የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። እኔ ደክሞኛል፣ እናቴ ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፣ ሲያትል ነው የሚኖረው። ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ፣ አላስካ ያለውን ዴናሊ የሚባል ተራራ ከመሪዎች ጋር ልውጣ ብሎ ተነሳ። 6,190 ሜትር ነው። ከሰሜን አሜሪካ አንደኛ። (ካርታ ላይ ስፈልገው ማኪንሊ የሚል እያመጣብኝ ግማሽ ቀን ሌላ ተራራ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዴናሊ ብለውት ነበር፣ በ2025 መንግሥታቸው ወደ ድሮው ስም መለሰው። የሚወጡት ሰዎች ግን አሁንም ዴናሊ ነው የሚሉት፣ እኔም እንደነሱ።)

12 ናቸው። ዘጠኝ ከፋይ፣ ሦስት መሪ። መሪዎቹ በየቀኑ ማታ በሳተላይት ስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ፣ ድርጅቱ ይለጥፈዋል። እኛ በ11 ሰዓት ስለምንቀድማቸው የነሱ ማታ ለኛ ጠዋት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ቡና ሲፈላ ስልኬን ይዤ እማዬ አጠገብ ቁጭ እልና እተረጉምላታለሁ። ዜና አንባቢ ሆኛለሁ በቃ። ጎረቤትም ለዜናው ይመጣል፣ ቡናውም አልበቃ ብሏል።

ችግሩ ዜናው ነው። ግንቦት 25 በትንሽ አውሮፕላን በረዶ ላይ አረፉ፣ 2,200 ሜትር ላይ። እሺ። ሄዱ። ከዚያ እቃ ይዘው ወጡና በረዶ ውስጥ ቀብረውት፣ ተመልሰው ወርደው ተኙ። በነጋታው ያንኑ መንገድ እንደገና ወጡ። ሰኔ 2 ቀን 4,330 ሜትር ላይ ያለው ካምፕ ደረሱ ሲባል እልል አልን። በነጋታው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዛሬ ወደ ታች ወርደን እቃችንን ይዘን ተመለስን።» ሰኔ 5 ደግሞ ገመድ በተዘረጋበት ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ላይ ወጥተው 4,900 ሜትር ደረሱ፤ ምግብ ቀበሩ፤ ተመልሰው እዚያው ካምፕ። ትናንት «እረፍት ላይ ነን፣ ላይ ንፋስ ነው።» ዛሬም «እረፍት ላይ ነን።»

እማዬ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ይሄ የሚመራቸው ሰውዬ ግን መንገዱን ያውቀዋል?» አለች።

ሳቅኩ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። ለምንድነው የወጡትን የሚወርዱት? አምስት ቀን አንድ ቦታ መቀመጥስ ምን ማለት ነው? የታመመ ሰው ኖሮ ደብቀውን ይሆን? እማዬ በሰው የላከችለትን በሶና ጭኮ ይዞ ነው የወጣው፣ እሱንም እየበላ መሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች። እሱን እንኳን የሚመልስልኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

---

ሳነቴ (ሰኔ 7፣ ጠዋት 4:15)

እህቴ፣ እናትሽን አረጋጊያቸው። መሪው መንገዱን ያውቀዋል።

እኔ ባሌ ነው የምሠራው፣ እንግዳ ይዤ ሳነቴ እወጣለሁ። በረዶ ላይ ሠርቼ አላውቅም። ኪሊማንጃሮ ግን አንዴ ወጥቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ካምፑ 4,330 ነው አልሽ። የኛ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። ማለትም ማሙሽ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ያውም በረዶ ላይ፣ ድንኳን ተክሎ አምስት ሌሊት አድሯል። እኔ ከጎባ በመኪና ሳነቴ ሳወጣቸው ራሴን የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ገና ከመኪና ሳይወርዱ። አንዴ አንድ ጎረምሳ ቀይ ቀበሮ አይቶ ፎቶ ላነሳ ብሎ ከመኪናው ዘሎ ሮጠ። አስር እርምጃ አልሞላም፣ ሣሩ ላይ ቁጭ። ቀበሮዋ ቆማ ታየዋለች፣ እሱ ጉልበቱን ይዞ ይተነፍሳል። ይሄ በአንድ ጊዜ ከፍ ማለት የሚያመጣው ነው። ሰውነት ሳይነገረው ሲወሰድ ያኮርፋል።

ስለዚህ ተራራ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ቀን ከፍ በል፣ ማታ ዝቅ ብለህ ተኛ። ቀን ላይ 4,900 ደርሰው ሰውነታቸውን አስደንግጠውታል፣ ማታ 4,330 ወርደው አሳርፈውታል። የሚቀጥለው ጊዜ ሲወጡ ያን ያህል አይደነግጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭነት ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ ተሸካሚ አለ። አንተ እያለከለክ ስትደርስ ድንኳንህ ተተክሎ ሻይ ፈልቶ ይጠብቅሃል፣ ልጆቹ ደግሞ ጭነት በጭንቅላታቸው ይዘው በጎንህ እየዘፈኑ አልፈውሃል። ዴናሊ ላይ ተሸካሚም በቅሎም የለም። የሦስት ሳምንት ምግብ፣ ነዳጅ፣ ድንኳን፣ ሁሉም የራስህ ነው። ግማሹን በጀርባ፣ ግማሹን ከወገብ በገመድ በሚጎተት ስሌድ። ለአንድ ሰው 50 ኪሎ ቢደርስ አይግረምሽ። ያንን ይዞ በአንዴ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚህ ሁለቴ ይመላለሳሉ። መንገዱን ሁለት ጊዜ የሚሄዱት መሪው ጠፍቶበት ሳይሆን ጭነቱ ስለማይገፋ ነው።

ከፍታውን ለእናትሽ ለማስረዳት ከፈለግሽ ደግሞ፦ ራስ ዳሸን ላይ ጅማን ከነከፍታዋ ብትደርቢያት ዴናሊን ትንሽ አልፈሽ ነው የምትቆሚው።

---

ከአጂፕ ማዶ (ሰኔ 7፣ ጠዋት 5:02)

እኔ የማይገባኝ እኮ ሐበሻ ሆኖ ከፍታ መፍራት። ሯጮቻችን ዓለምን ያስጨነቁት በምን ሆነና? ከፍታ ደማችን ውስጥ ነው። ማሙሽ ደግሞ ጅሬን ሲወጣ ሲወርድ ያደገ ልጅ ነው፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በሩጫ። እነዛ ፈረንጆች ይረፉ፣ እሱን ብቻውን ይልቀቁት።

---

የማታ ተረኛ (ሰኔ 7፣ ቀን 9:30)

ከአጂፕ ማዶ፣ ቀልዱ ያምራል። ግን ሰው አምኖህ እንዳይሞት ትንሽ ላርመው። ነርስ ነኝ፣ ከተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ እንቅልፍ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት። ደስ የምትል ከፍታ ናት እንጂ ተራራ አይደለችም። በቆጂ እንኳን 2,800 ገደማ ናት። ሰሜንና ባሌ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሰዎች ሰውነታቸው ለከፍታ የተላመደ መሆኑ ተጠንቷል፣ እውነት ነው። ያ ግን ለሁላችንም የተሰጠ ክትባት አይደለም። ማሙሽ ደግሞ ዓመታት የኖረው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ሲያትል ማለቴ ነው፣ ጣናን አይደለም።

አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ድርሻው ላይም ታችም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። 5,500 ሜትር ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በግማሽ ይቀንሳል። አንዴ ስትተነፍሺ የምታገኚው ግማሹን ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ወደ ምድር ዋልታ ስትጠጊ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ዴናሊ ጫፍ ላይ ሰውነት የሚሰማው ከፍታ ሜትሩ ከሚለው ይበልጣል። ምድር ወገብ አካባቢ ያለ እኩል ተራራ ይሻላል።

ታዲያ ሰውነት ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይሄ ወዲያው ነው። ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ግን የደሙን ኬሚካል ያዛባዋል፣ እሱን የሚያስተካክለው ኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ቀይ የደም ሴል መጨመር ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ «እረፍት ላይ ነን» ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሟል እንጂ ውስጡ ሥራ ላይ ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያት፣ ሊጥ ሲቦካ ከላይ ምንም የሚሆን አይመስልም።

ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህ የተለመዱ ናቸው። ሌሊት ደግሞ አተነፋፈስ ይዛባል። የተኛው ሰው ለጥቂት ሰከንድ ጭራሽ ትንፋሹ ይቆምና ድንገት ስቦ ይጀምራል፣ አጠገቡ የተኛውን ነው የሚያስደነግጠው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ነገር መቀባጠር፣ ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ማጠር፣ አልላቀቅ የሚል ሳል። ያኔ ጭንቅላት ወይም ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት አለ፣ ኦክስጅንም አለ፣ ዋናው መድኃኒት ግን መውረድ ነው። ሌሊትም ቢሆን።

እነሱ ያሉበት ካምፕ ላይ በወቅቱ የፓርኩ ጠባቂዎችና የሕክምና ሰዎች ድንኳን ተክለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከዚያ ቦታ አምስት ቀን መቀመጡ እኔን አያስጨንቀኝም። ሦስተኛ ቀናቸው ላይ ጫፍ ወጣን ቢሉሽ ነበር መጨነቅ።

ጭኮውን በተመለከተ፦ ከፍታ ላይ ሰው ምግብ ያስጠላዋል። ከልጅነት የሚያውቁትን ጣዕም ግን አፍ ብዙ አይገፋም። ጥሩ አድርጋ ነው የላከችው።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 7፣ ማታ 1:20)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእማዬ በሙሉ አነበብኩላት። የሊጡ ነገር ገባት። «ታዲያ እንደዛ አይሉም?» አለች፣ መሪዎቹን ነው።

የጭነቱን ነገር ግን ከኔ ቀድመው የተረዱት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። አባታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፣ ሕርማታ ገበያ እቃ የሚያመጡ። «ይሄማ የሲራራ ነገር ነው» አሉ። «በቅሎ ሲያንስ ወይ ዳገቱ ሲከፋ ግማሹን ጭነት ማዶ አድርሰህ፣ ሰው አስጠብቀህ፣ ለቀሪው ትመለሳለህ። ምን አዲስ ነገር አለው?» እኔ ሦስት ቀን ትርጉም ፍለጋ ስባዝን እሳቸው በአንድ ስኒ ቡና ጨረሱት።

እማዬ አሁን የያዘችው አዲስ ጥያቄ ነው። በረዶ ውስጥ የቀበሩትን እቃ ማን ይጠብቀዋል? ሌባ የለም ወይ?

---

አንኮሬጅ ነኝ (ሰኔ 8፣ ጠዋት 3:05)

ሌባ አለ። ቁራ ነው።

እየቀለድኩ አይደለም። አንኮሬጅ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ታክሲ እነዳለሁ፣ በየክረምቱ (የነሱ በጋ ማለቴ ነው) ተራራ ወጪዎችን ወደ ታልኪትና አመላልሳለሁ። ትንሿ አውሮፕላን የምትነሳው ከዚያ ነው፣ ጎማዋ ላይ ስኪ የተገጠመላት። ሲሄዱ መኪናዬ ውስጥ ያወራሉ። ሲመለሱ ይተኛሉ። ካልተኛ ሰው ነው እንግዲህ የምሰማው።

እቃ ሲቀብሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይቆፍራሉ፣ በላዩ በረዶ ይሞሉና ቀጭን የቀርከሃ እንጨት ይተክሉበታል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት። በረዶ ሲጥል ቦታው እንዳይጠፋ ነው። ቁራዎቹ እንጨቱን ለይተው ያውቁታል። እንጨት ካለ ምግብ አለ። በደንብ ያልተቀበረ ከሆነ ቆፍረው ከረጢቱን ይቀዱና አጃውንም ቸኮሌቱንም በረዶው ላይ ይዘሩታል። አንዱ ልጅ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ሁለት ኪሎ አይብ ነው የበሉበት።

«እረፍት» የምትለዋን ቃል ደግሞ አትመኚያት። እረፍት ቀን ላይ በረዶ በመጋዝ እንደ ብሎኬት እየቆረጡ በድንኳኑ ዙሪያ ግንብ ይሠራሉ፣ ንፋሱ ድንኳኑን እንዳይወስደው። ውሃ የለም፣ በረዶ እያቀለጡ ነው የሚጠጡት፣ 12 ሰው ለማጠጣት ምድጃው ሰዓታት ይነዳል። ሽንት ቤታቸው ትንሽ የፕላስቲክ በርሜል ናት፣ ክዳን ያላት፣ ተሸክመዋት ነው የሚዞሩት። (ይሄን ለእናትሽ አትተርጉሚ።)

ታች ባለው ግግር በረዶ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚሄዱት። በሰኔ እዚህ የሚጨልም ነገር የለም፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይም ይታያል። ቀን ፀሐይ ስትሞቅ በረዶው ይላላል፣ ከስሩ ደግሞ የተሸፈነ ስንጥቅ አለ፣ ፎቅ ቤት የሚውጥ ጥልቀት ያለው። ለዚህ ነው ሦስት አራት ሆነው በአንድ ገመድ የሚታሰሩት። አንዱ ቢገባ ሌሎቹ ወድቀው እንዲይዙት።

አሁን የሚጠብቁት ንፋሱን ነው። ከላይኛው ካምፕ፣ 5,240 ሜትር ማለት ነው፣ ዴናሊ ማለፊያ ወደሚሉት የሚወስድ ተዳፋት አለ፣ 5,550 ገደማ ላይ የሚያልቅ። ብዙ ሰው የጠፋው እዚያ ነው፣ በተለይ ሲወርድ፣ ደክሞት፣ እግሩ አንዴ ሲስት። መሪ የሚከፈለው ለዛች ተዳፋት ነው ብል አላጋነንኩም። ከሚሞክሩት ሰዎች ጫፍ የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ስለዚህ ከወዲሁ ለእናትሽ ጫፍ ጫፍ አትበይባት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚገርመኝ ነው። መጀመሪያ ጫፉን የረገጠው ዋልተር ሃርፐር የሚባል የአላስካ ተወላጅ ወጣት ነው፣ በ1913 እ.ኤ.አ.። ያኔ ጅማን የሚገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። የኔ አያት አልተወለዱም።

---

ዝም ብዬ አላፊ (ሰኔ 8፣ ቀን 7:44)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ለመሰቃየት? ድንኳን ተሸክሞ፣ በርሜል ተሸክሞ? በዛ ብር ጅማ መርካቶ ሱቅ ይከፍት ነበር።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 8፣ ማታ 2:10)

ዝም ብዬ አላፊ፣ እማዬ ያለችው ቃል በቃል ይሄንኑ ነው፣ ሱቁን እንኳን እዛው መርካቶ ነው ያደረገችው። ስንጠይቀው «ቢሮ ተቀምጬ ሰውነቴ ጠፋብኝ» ነው ያለን። ከዛ በላይ አላብራራም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንኮሬጅ ነኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ቁራውን ዘለልኩት። እማዬ ጋ «የቁራ መልእክተኛ» ማለት ሄዶ የቀረ ማለት ነው። ልጇ ያለበት ቦታ ቁራ አለ ብዬ ብነግራት ዛሬ ሌሊት ጸሎት ላይ ነው የምታድረው፣ እኔም አብሬ።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 9፣ ጠዋት 2:00)

ዜና! ተነስተዋል። 5,240 ሜትር ገብተዋል። ሸንተረሩ ላይ ሲሄዱ በሁለቱም በኩል ገደል ነበር ይላል፣ ያንን «ውብ እይታ» ብዬ ተረጎምኩት። በመንገዳቸው ሰኔ 5 የቀበሩትን ምግብ አውጥተዋል፣ አልተነካም። 12ቱም ደህና ናቸው።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 10፣ ጠዋት 4:30)

ዛሬ መልእክት የለም።

ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ እየከፈትኩ ነው። እዚህ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። መጀመሪያ የኛ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። አይደለም፣ የሌሎች ቡድኖች መልእክት ገብቷል። የኛ ብቻ ነው የቀረው። እማዬ ምንም አላለችም። ቡናውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሳ ረከቦቱን ሳታነሳ ቁጭ ብላለች። ሐጂም መጥተው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የሚሰማው ጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ይበለኝ።

---

አንኮሬጅ ነኝ (ሰኔ 10፣ ጠዋት 4:41)

አለሁ፣ እዚህ ገና ማታ ነው። የሳተላይት ስልክ ባትሪ ብርድ ይገድለዋል። ከሰውነታቸው ጋር አቅፈውት ካልተኙ አይበራም። ላይ ደግሞ ንፋስ ሲሆን ስልክ ለመደወል ከድንኳን የሚወጣ የለም። ትንበያውን አይቼዋለሁ፣ ላይ ንፋስ ነው፣ ነገ ከሰዓት ይረግባል ይላል። መጥፎ ነገር ቢሆን የፓርኩ ሰዎች ሄሊኮፕተር ይነሳ ነበር፣ ወሬው ታልኪትና ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እዚያ ለሚሠራ ጓደኛዬ ደውዬለታለሁ። ምንም ወሬ የለም።

---

የማታ ተረኛ (ሰኔ 10፣ ጠዋት 5:10)

እናትሽ ቁርስ በልታለች? መጀመሪያ እሱን። አንቺም።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 11፣ ጠዋት 1:50)

ገባ! ባትሪው ነው! ልክ እንዳልከው። ቀኑን ሙሉ ግንብ ሲጠግኑ ነው የዋሉት፣ ንፋሱ አንዱን ድንኳን ቀዶባቸዋል፣ ተጠጋግተው ተኝተዋል። «የኢትዮጵያዊው ልጅ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጣፋጭ አብልቶናል» ይላል መልእክቱ። ጭኮው ነው! ቅቤው ቀዝቅዞ ደርቆ፣ ማሙሽ ጃኬቱ ውስጥ ይዞት እያለሰለሰ እየቆረሰ አደላቸው። እማዬ ይሄን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «ድንጋይ» የሚለውን ግን አልወደደችውም።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 12፣ ጠዋት 3:15)

ትናንት ሞከሩ። ተዳፋቱን አልፈው ዴናሊ ማለፊያ ደረሱ። እዚያ ሲወጡ ንፋሱ ከማዶ ተቀበላቸው። የአንዷ ሴትዮ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፣ መሪው ሁሉንም መለሰ። ከጫፉ 640 ሜትር ነበር የቀራቸው።

---

ከአጂፕ ማዶ (ሰኔ 12፣ ጠዋት 3:40)

640 ሜትር ምን አላት፣ ከአጂፕ መርካቶ አይደለችም እኮ! አንድ ሰው ጣት ስለቀዘቀዘው 12 ሰው መመለስ? ያቺን ሴትዮ በአንድ መሪ መልሰው ሌሎቹ አይቀጥሉም ነበር?

---

ሳነቴ (ሰኔ 12፣ ጠዋት 4:20)

640 ሜትር በአግድም አይደለም ወንድሜ፣ ወደ ላይ ነው። በዛ ከፍታ፣ በዛ ንፋስ፣ ሰዓታት ነው። ከዛ ደግሞ ያው መንገድ መልስ አለ፣ ያቺው ተዳፋት፣ ደክመው። አንዱን መሪ ካስመለስክ ደግሞ ላይ የሚቀሩት በሁለት መሪ ነው፣ ሌላ ሰው ቢታመም አንድ ይቀራል። ሒሳቡን እሱ ቆሞ በዛ ብርድ ሠርቶታል፣ እኛ ሶፋ ላይ ሆነን ባንሠራበት ይሻላል። እኔ ሰው አሳምሜ አንዴ ከሳነቴ ሳላወርድ ቆይቼ አውቃለሁ፣ ትንሽ ይሻለዋል ብዬ። አልተሻለውም። ዳነ፣ ግን የዛን ቀን መንገድ እስከዛሬ አልረሳውም።

---

የአዌቱ ልጅ (ሰኔ 17፣ ጠዋት 3:30)

ጨርሰዋል። ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ አብራችሁኝ ስለከረማችሁ።

ሁለተኛ አልሞከሩም። ንፋሱ አልበርድ አለ፣ ምግቡ አለቀ፣ ሰኔ 13 መውረድ ጀመሩ። ለመውጣት ሁለት ሳምንት የፈጀውን በሁለት ቀን ወረዱት። አውሮፕላኑ ማረፊያ ሲደርሱ ደግሞ ደመና፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀመጡ። ትናንት ወጡ። ትናንት ማታ ደወለ።

ፊቱ ተልጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ መነጽሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ። እማዬ ስታየው መጀመሪያ ያለችው «ማነህ?» ነው። ከዛ «በላህ?»። ተናዷል ጫፉ ስለቀረበት፣ ይታወቃል፣ ስለሱ ስንጠይቀው ወሬ ይቀይራል። «ተመልሰህ ትሄዳለህ?» ስለው እማዬ ስለምትሰማ «እንጃ» አለ። እኔ ግን ያን «እንጃ» አውቀዋለሁ።

የቁራው ነገር ግን አፈትልኮ ነበር። የሐጂ የልጅ ልጅ ይሄን ሁሉ ጽሑፋችሁን ሲያነብ ከርሞ ለካ ለእማዬ ነግሯታል፣ መቼ እንደነገራት እንኳን አላውቅም። እሷም ይዛው ቆይታ ትናንት ስልኩ ላይ «ቁራው አገኘህ?» አለችው። ማሙሽ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ከዛ ሲገባው ሳቀ። ሲወጡ ግማሹን ጭኮ ከትርፍ ምግብ ጋር 3,400 ሜትር ላይ ባለው ካምፕ ቀብረውት ነበር፣ ለመልስ። ሲወርዱ ከጎናቸው የነበረው የሌላ ቡድን ጉድጓድ ተቆፍሮ አጃው በረዶው ላይ ተበትኗል፣ ሁለት ቁራ አሁንም ቆመውበታል። የነሱ አልተነካም። ዋናው መሪ ጉድጓዱን ከልክ በላይ አስቆፍሯቸው በወቅቱ ሁሉም አማርረውት ነበር። ጭኮውን እዚያው ቆመው ጨረሱት፣ ከመሪው ጋር። መሪውም «ይሄ የሚሠራው ከምንድነው?» አለው።

እሱን ነው እማዬ የሰማችው። ሌላው ሁሉ አለፋት። ከትናንት ማታ ጀምራ ገብስ እየቆላች ነው፣ ቤቱ በሙሉ ሸቶታል። ለመሪው ነው። መንገዱን ያውቀዋል ወይ ያለችው ሰውዬ ማለት ነው። በቅርቡ ወደ ሲያትል ወይ ወደ አላስካ የሚሄድ ሰው የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

---

አንኮሬጅ ነኝ (ሰኔ 17፣ ጠዋት 3:52)

እኔ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጅማ ነኝ። እወስደዋለሁ። ግን ለኔም ትጨምርበት፣ ታልኪትና ድረስ የሚያደርሰው ባለታክሲ እኔው ነኝ።